ዐሥራ ሁለተኛው ዓምድ

ሣጥኑን ስንከፍተው መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነው፤
ቲሳ ወንዝ ሞልቶ ምድር ቤት በገባ ለታ የተኛው
ጭቃ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ያልቀሰቀሰው።
ከሽታው ቀጥሎ ጣሪያው፣ እንደ ሽንኩርት የተላጠ፣
ደረጃው ጥርሱ የወላለቀ፣ ግድግዳው እስከ ወገቡ የሰመጠ፤
ሁለት ሰው ተሸክሞት ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ
የገበያ አዳራሽ፤ የፒር እንጨት፣ ካርቶን፣ የመዳብ ዘርፍ።

ቤቱ ራሱ የለም።
ሴገድ ልትሠራው ቆርጣ፣ ጦርነት ቀደመ፤
መሠረቱ ሳይቆፈር ሰፈሩ ወደመ።
እና ይህ ታናሽ፣ ለማሳያ የተሠራ፣
ታላቁ ሳይወለድ ቀርቶ፣ ዋናው እሱ ተብሎ ተጠራ።

ኤቴልካ ወሬ አታበዛም። ጥጥ በምራቋ አርሳ
ከመስኮት መስኮት ትዞራለች፣ ሳትጠይቅ ስለ ቀን፣ ስለ ምሳ።
«ምራቅ ከሱቅ መድኃኒት ይሻላል፤
ጭቃን ይለያል፣ ለእንጨት ያዝናል።»
እኔ ሙጫ አሞቂ ነኝ፤ የአጥንት ሙጫ፣ በዝግታ፣
ከፈላ ይሞታል፣ ከበረደ ያኮርፋል፤ አስታማሚ ይሻል ማታ ማታ።

አንድ ቀን ከጣሪያው ሥር፣ ዐይን በማይደርስበት ጓዳ፣
የሙጫ ጠብታ ላይ አውራ ጣት አገኘን፤ እንደ ጉቶ ቀለበት ዙር በዙር የተቀዳ።
ሠሪው ነው። ስሙ ግን የትም የለም።
ምላጯን አነሣች፣ አስቀመጠች። ያን ጠብታ አልፋቀችም።

ዓምዶቹን ቆጠርን፤ ዐሥራ አንድ። በሥዕሉ ላይ ዐሥራ ሁለት።
በግራ በኩል አንድ ባዶ ቦታ፣ ከመግቢያው ፊት።
ልጠርብ ልኬት ስወስድ
«ቆይ» አለች፤ «ይመጣ ይሆናል።»
ሳቅሁ። እንጨት እግር አለው እንዴ?

ወሬው በጋዜጣ ጥግ ወጥቶ ኖሮ፣ በሳምንቱ
ካልማን መጣ፤ የማዘጋጃ ቤቱ የድሮ ዘበኛ ልጅ፣ ሰማንያ ሊሞላ ዓመቱ።
ኮቱን ከፈተ፣ መሀረቡን ፈታ፤ ዓምዱ ተኝቷል በውስጡ።
«ቼዛችን ወታደር ቢጎድለው አባቴ ይህን ይዘው መጡ።
ከሳቸው ጋር ተጫወትኩ፣ ከሚስቴ ጋር፤ አሁን የምገጥመው ራሴን፤
ስንቴ ሰዋሁት! አንዳንዴ ግን ዳር ደርሶ ንግሥት ይሆንና ያተርፍልኛል ንጉሤን።»

ጠቁሯል። የጣት ወዝ ጠጥቷል። ከወንድሞቹ በክር ያህል ያጥራል።
«ላጽዳውና ላመሳስለው?» አልኳት።
«ከዐሥራ ሁለቱ አገልግሎ የሚያውቀው እሱ ነው» አለች፤ «እንዲህ ይኖራል።»
ሙጫው ልክ ነበር። ከሥሩ የወረቀት ሽብልቅ ሰጥታ
አቆመችው በወረንጦ፣ ትንፋሿን ውጣ ለአንድ አፍታ።

ካልማን በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ፤
«ትርፍ ነገር አላችሁ?» አለ፣ ድምፁ ትንሽ አነሰ።
ከመሳቢያው የሸሚዝ ቁልፍ ሰጠሁት፤
ቀዳዳዎቹን ቆጠራቸው፣ አራት።
«አራቴ የተመታ ወታደር ነው» አለ፤ «ቢሆንም ይዋጋል።»
ደረጃውን ሲወርድ፣ ኪሱ ውስጥ ከሳንቲሙ ጋር ሲጋጭ ይሰማል።