የማትሰማዋ ዲ

ኮምቦልቻ፣ ምሽት፤ ከቦርከና ማዶ፣
ስምንተኛ ቢ ክፍል፣ መስኮቱ በካርቶን ተጋርዶ፣
ሃያ ሁለት ጎልማሳ በልጅ ወንበር ተቀምጦ፣
ጉልበቱ ከዴስኩ በልጦ፣
ጠመኔ አነሳሁና ጻፍኩ፦ «ዩዝድ ቱ»።
ዞር ስል ዝም ብለው ሰሌዳውን ተመለከቱ።

«ዲዋ ትጻፋለች» አልኩ፣ «ስትነበብ ግን አትሰማም፤
ዩስ ቱ በሉ፣ ምላሳችሁም አይደማም።
ትርጉሟ ቀላል ነው፦ ድሮ ሲደረግ የኖረ፣
ዛሬ ግን የቀረ።
እኛ ነበር የምንላት ናት።»

«ነበር ባይሰበር!» አለ ከኋላ ይመር ሙሄ፤
ሳቁ። «ተረት ነው እንጂ እንግሊዝኛ አይደለም ይሄ፣
በል ራስህ መስርት።» ሾፌር ነው፣ ጡረታ የወጣ፣
ጢሙን አሻሸና ቃል በቃል ቆንጥሮ አወጣ፦
አሰብ እነዳ ነበር።
ባሕሩ ዳር ዓሣ እበላ ነበር።
ጎማዬን በጨው ውኃ አጥብ ነበር።
ልክ ነው አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ መንገድም፣ ሰዋስውም አልነበር።

ሉባባ ከጨርቃ ጨርቁ፣ ፈረቃዋ ሌሊት ገብቶ፣
ጥጥ ጸጉሯ ላይ፣ አንድ ዓይኗ ብቻ ነቅቶ፦
«መምህር፣ ማሽኑ ሲጮኽ ድሮ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር፣
ዛሬ ሲጮኽ ነው የምተኛው። ይሄስ በምን ይነገር?»
«በዚችው! አም ጨምሪባት፤ አይ አም ዩዝድ ቱ በዪ፣
ነበር መሆኗ ቀርቶ ለመድኩ ትሆናለች፣ እዪ።»
«ለቀረውም እሷ፣ ለተለመደውም እሷ?
ምነው፣ ቃል አጥተው ነው?» አለች፣ ዓይኗን እያሻሸች በነጠላዋ።
ይመር አላስቻለውም፦ «የለመደ ልማድ፣ ያሰርቃል ከማዕድ!»
«ይመር፣ ተረትህን ያዝ፣ ዛሬስ በእንግሊዝኛ ልሂድ።»

ይሄኔ መብራት ጠፋ።
ሰሌዳውም፣ ጠመኔውም፣ እኔም አብሬ ጠፋሁ።
ማንም ከወንበሩ አልተነሳ፣ ማንም ኡ አላለ፤
ከጨለማው የሉባባ ድምፅ፦ «ዊ አር ዩዝድ ቱ ኢት» አለ።
በሁለት ወር የመጀመሪያው፣ ንጹሕ ዓረፍተ ነገር፤
ዲዋም አልተሰማች፤ ፈተና ቢሆን መቶ ነበር።

ደብተሮቹን በስልክ ባትሪ ሰበሰብኩ፣
ቤቴ ገብቼ በሻማ ላርም ተቀመጥኩ።

ጦይባ አራጋው፣ ከበሩ ሥር የምትቀመጠው፣
ስትጠየቅ መሬት የምታየው፣ ድምጿን ማንም የማያውቀው፦
አንደኛ፣ ሽንኩርት እሸጥ ነበር። ልክ።
ሁለተኛ፣ ሐርቡ እኖር ነበር። ልክ።
ሦስተኛ፣ ጎረቤቴ ያማኝ ነበር። ልክ፤ ፈገግ አልኩ።
አራተኛ፣ ልጄ ከጂዳ በየጁምዓው ይደውል…
እዚህ ዲ የለችም።

አታውቅም እንዳልል፣ ሦስቱ ላይ በትልቁ ቆማለች፤
እዚች ላይ ብቻ ቀርታለች።
ያለ ዲ ደግሞ አላለፈም፣
ያለ ዲ አላበቃም።

ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ።
በኛ ቋንቋ ቢሆን «ይደውል» ብላ ትንፋሽ ታሳርፋለች፣
በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ስልኩን ታያለች፤
ነበር የሚመጣው ኋላ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ እንግዳ።
ፈረንጁ ግን ከበር ላይ፣ ሳያስቀምጥ ነው የሚያረዳ።
ለካ እኔ ነኝ በጠመኔ
ለሃያ ሁለት ሰው ይሄን ሳስተምር ያመሸሁት።

ሻማው አለቀ። እስክሪብቶውን ከደንኩት።

በማግስቱ ማታ ጦይባ ደብተሯን ይዛ መጣች፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አወጣች፦
«መምህር፣ አራተኛው ላይ ራይትም ኤክስም የለው፤
ረስተውት ነው?»
«አልረሳሁትም» አልኳት።
አየችኝ። «እሺ» አለች።
ከበሩ ሥር ተቀመጠች፤
ስልኳን ዴስኩ ላይ፣ መስታወቱን ወደ ላይ አርጋ አኖረች።
ዕለቱ ጁምዓ ነበር።