እጅጌ

መጋቢት ነው አሉ፤ እኛ ደሴት ገና
በረዶው አልለቀቀም፣ ባሕሩም አልቀና።
ከሳሬማ በስተምዕራብ፣ ጥዱ ካለቀበት፣
አሥራ አራት በግና አንዲት ላም ያለበት፣
ሁለት ፍየል ደግሞ (አንዷ አጥር የምትበላ)፣
የዶሮ ቆጥ፣ ጀልባ ተገልብጦ ኋላ፤
ይኸው ነው ግዛቱ፣ ይኸው ነው መንግሥቱ፣
የኤልማር የሟቹ፣ የሄልጊ የሚስቱ።

ታርሞ ከጥድ ማንኪያ ይጠርባል፤
ፍቅፋቂው ዶሮ ቤት ይነጠፋል፤
ሜርለ እንቁላል ትቆጥራለች፤ ሁልጊዜ አንድ ይጎድላል።

ሹራቡ ግን አለ፤
ከበሩ በስተኋላ ከሚስማር ላይ ዋለ፣
አደረ፣ ሰነበተ፣ ሦስት ክረምት ከረመ፤
ትከሻው እንደ ሰው ጎብጦ እንደቆመ።
ግራጫ ነው መልኩ፤ ሬንጅና ዓሣ ይሸታል፤
ማንም አይነካውም፤ ልጁም ቢሆን ያውቃል።
በሠርጋቸው ዓመት በእጇ የሠራችው፣
ብል እንዳይበላው ስትል በረዶ ላይ ያሰጣችው፣
አራግፋ፣ አሽትታ፣ መልሳ የሰቀለችው።

እኔ የማውቀው ጥጥ ነው፤ ጥጥ ይታዘዛል፤
ሱፍ ግን ቅባታም ነው፤ ያኮርፋል፣ ይወዛል።
እግሬ ሲፈጥን ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይወፍራል።
ሄልጊ አታርመኝም። ክሩን ታይና
«እባብ እንቁላል ውጧል» ትላለች እንደገና።

ያን ሌሊት ሚኒስትሯ (ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤
ደጅ እንደሚያስጠና ባለሥልጣን ነው ስታየኝ)
መንታ ወለደች። አንዱን ልሳ አደረቀችው፤
ሁለተኛውን፣ ጥቁሩን፣ በግንባሯ መታችው።
ታርሞ እግሯን ቢይዛት፣ እኔ ጡቷን ባልባት፣
ሜርለ ፋኖስ ይዛ በስሟ ብትጠራት፣
ደጅ ጠኚ አልሰማችም።

ወጥ ቤት አስገባነው፣ ምድጃው ፊት ተኛ፣
እርጥብ ካልሲ አክሎ፤
ጣቴን አፉ ብከት አፉ እንደ ብረት ይበርዳል።
ፎጣ አመጣሁ፤ ተንሸራተተ።
የሜርለን ቀሚስ አመጣን፤ ሰፋው፣ ጎተተ።
ሄልጊ ከወንበሯ ተነሳች፣
መቀስ ከመሳቢያ አወጣች፣
ወደ በሩ ሄደች።

ማንም አልተነፈሰም።
ታርሞ «እማ» ሊል አፉን ከፈተ፤ አልጨረሰም።
የግራውን እጅጌ፣ ከትከሻው ሥር፣
ቀጥ አድርጋ ቆረጠች፣ እንደ ማንኛውም ክር፤
ሁለት ቀዳዳ በሳች ለፊት እግሮቹ፣
በእጅጌው ጫፍ አወጣች ራሱን፣ ከነጆሮዎቹ።
«የኤልማር ግራ እጁ» አለች «ሁልጊዜ ይሞቅ ነበር።»
ይኸው ነው የተናገረችው፤ ሄደች ልታድር።

ጎህ ሲቀድ ጮኸ። ጠባ። ቆመ።
ሬንጅ ሬንጅ እየሸተተ የሜርለን ደብተር ቃመ።

ሹራቡ አንድ እጁን አጥቶ ሚስማሩ ላይ ቀረ፤
ጎረቤት አየ፣ ስለ አየሩ አወራ፣ ሳይጠይቅ ተሻገረ።

በዓመቱ ግልገሉ አውራ ሆነ፣ ተሸለተ፤
ሱፉ ጭድ የተሞላ፣ ጭቃ የሸተተ።
አጠብሁት፣ ነደፍሁት፣ ፈተልሁት ሌሊት ሌሊት፤
ስንት እባብ፣ ስንት እንቁላል ዋጠ በዚያ ክረምት!
ከጎረቤት ከቫይኬ ተምሬ እጅጌ ጀመርሁ፤
ሦስቴ ፈታሁ፣ አራቴ ሠራሁ።
ጥቁር ነው፣ ሌላው ግራጫ፤ ክርኑ ላይ ያበጠ፤
በአንድ ስንዝር ከቀኙ የበለጠ።

ሄልጊ መነጽሯን አደረገች፤ ስፌቱን ገለበጠች፤
በአውራ ጣቷ እያንዳንዱን እባብ ዳበሰች።
ልትተረትረው ነው፣ አልሁ በሆዴ።
ታርሞን ጠርታ አለበሰችው፤
ቀኙ ልኩ ሆነ፤ ግራው ጣቶቹን ዋጣቸው።
ሁለቴ አጠፈችለት፣
«ዶሮዎቹ አልተዘጋባቸውም» አለች፣ «ቀበሮ አለ በምሽት።»

ወጣ። በመስኮት አየሁት፣
የአባቱን ጀርባ፣ የበጉን እጅ፣
በረዶው ላይ፣ ወደ ቆጡ ሲሄድ።

ሚስማሩ ባዶ ነው።
የወተት ማጥለያውን ሰቀልሁበት፤
ማንም ምንም አላለኝ።