ማን ጣፈው?

ከፍሎረንስ ወዲያ፣ ወይራ ባለበሰው
ኮረብታ አናት ላይ፣ ገዳም አለ፣ ሰው ያነሰው።
አርባ ደናግል ከበሉበት አዳራሽ
ዛሬ አንዲት ቀርታለች፣ የቁልፉ ወራሽ፤
ኦርሶላ ትባላለች፣ ጉልበቷ የዛለ፤
ግድግዳው ግን ዛሬም ማዕድ ላይ ነው ያለ።

የመጨረሻው እራት። ረጅም ነጭ ገበታ፤
አሥራ አንዱ ከመምህሩ ጋር በወዲያ በኩል በተርታ፣
በወዲህ በኩል ግን አንድ ሰው ብቻውን፣
በርጩማ ላይ ሆኖ፣ ሰጥቶን ጀርባውን።
በአገሬ ሠዓሊ እጅ ወድቆ ቢሆን ኖሮ
በጎን ይሣል ነበር፣ አንድ ዓይኑ ተሰውሮ፤
እዚህ ግን አንድም የለው። ፊቱ የእነሱ ነው፤
የእኛ ድርሻ ማጅራቱ፣ የጎበጠው ትከሻው።

ፕሮፌሰር ቬንቱሪኒ ከቦሎኛ መጥቶ
ክር ወጠረ ግድግዳው ላይ፣ መሰላል ወጥቶ።
«የጣራው ወራጅ፣ የወለሉ ድንጋይ፣ የገበታው ጠርዝ፣
ይኼ ሁሉ መስመር ወዴት ነው የሚጓዝ?
ወደ ጌታ ግንባር አይደለም፣ ወደ ልቡም አይደለም፤
ጉርሻው ሊደርስ ሲል፣ ከሁለቱ እጆች መካከል፤ ሌላ መሐል የለም።
ሁለት ጣት ክፍተት ናት። እዚያው ላይ ቀዳዳ፣
ምስር የምታህል፣ ልስኗ የተጎዳ፤
ሠዓሊው ባስቲያኖ፣ ቀለም ሳይበጠብጥ፣
ሚስማር መታ እዚያ፣ ክሩ እንዳያመልጥ።
ከፊቶቹ በፊት፣ ከኅብስቱ፣ ከወይኑ፣
ሚስማሩ ነበረ።»

ክሩን ጠቀለለ።

«ጨው ፈሷል፤ ፈራሽ ኪዳን ነው። ድመቷ ሰይጣን ናት።
ተረከዙን እዩት፣ ከመሬት ሲያነሣት፤
የበላበትን ወጪት ሰባሪነቱ የምትነበብባት።»

«ድመቷስ የወጥ ቤት ድመት ናት» አለች ኦርሶላ፤
«ሠላሳ ሰባት ዓመት እዚህ ምሳ ስበላ
ወንበሬ በእርሱ ትይዩ ነበር፣ ፊት ለጀርባ።
የወንድሜን ፊት ረስቻለሁ፤ ይህን ጀርባ አልረሳም።
ክርኑን ተመልከት፤ ተቀዶ ነበር፣ ሳይጣፍ አላደረም።
አረንጓዴ ክር ነው፣ ጨርቁ ቡናማ፤
ዓይኗ የደከመ ናት፣ ወይ ቤቷ ጨለማ።
እኔ ልብስ ሰፊ ነበርሁ፤ ይገባኛል እንዲህ ያለው፤
ጥቅጥቅ ብሎ የሚሰፋ፣ ‹እንዳይበርደው› ለሚባል ነው።
እናቱ ትሆን? እኅቱ? ስሟ በየትኛውም ገድል የለም፤
ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ግን አያታለሁ ሁሌም።
ጨውህን ሰማሁ፣ ሚስማርህንም፤ እሺ ይሁን፤
አሁን አንድ ንገረኝ፦ ማን ጣፈው ይህን?»

ደብተሩን ገለጠ። አልተጻፈም።

በምዕራቡ መስኮት ፀሐይ ዘልቃ ገብታ
የሦስታችንን ጥላ ጣለችው በገበታ፣
በወዲህ በኩል፣ ከበርጩማው ጎን።
ማናችንም ፈቀቅ አላልን።
ያ ተረከዝ አምስት መቶ ዓመት ተነሥቶ፣ ገና አልተራመደም።
ኦርሶላ ቆለፈች። ከውስጥ ማንም አልወጣም።