ዓይን የሚገባበት

የሁለት ዓመት እቁብ በወጣልኝ ማግስት
ካሜራ ገዛሁ፤ ሁለተኛ እጅ ናት፣ ጎኗም ጭረት አለበት፣
ዓይኗ ግን ንጹሕ ነው፣ ፒያሳ ቆሜ የጦሳን ቋጥኝ የምቆጥርበት።
ብሩ እዚያ ላይ አለቀ። ቀረኝ አንድ ጭንቀት፦
በምን ልያዛት? ምን ውስጥ ልክተታት?

አራዳ ወረድኩኝ፣ ወደ አብዱልመናን ሱቅ፤
አቧራውን እፍ ብሎ አወረደ አንድ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣
ዚፑ አሥራ አንድ፣ ኪሱ አሥራ አራት፣
ደረቱ ላይ በነጭ ክር የካሜራ ስም የጠለፉበት።
«ስንት ነው?» «ላንቺ ሲሆን፣ ስድስት ሺህ ብር።»
ለሌላው ስንት ይሆን ብዬ ፈራሁ ለመናገር።
ዋጋውስ ይቅር፤
ያ የነጭ ክር ፊደል
«እዚህ ናት፣ ኑ ውሰዷት» ይላል፤
የመናኸሪያ ሌባ ደግሞ ማንበብ ይችላል።

ቤቴ ገብቼ በረበርኩ። የእህቴ ልጅ የደብተር ቦርሳ፣ ካርቱን የታተመበት፣
ካሜራዋ ስትገባ ተንጋደደ፣ የመውለጃ ወሯ የገባ እርጉዝ መሰለበት።
ጥቁር ፌስታልስ? ዋጋው አሥር ብር፣
ማንም ዞሮ አያየውም፤ ግን የደሴ ጉም ገብቶበት ያድር፣
እጀታውም ቢበጠስ፣ እቁቤ አስፋልት ላይ ሊሰበር።
የባሌን ሳምሶናይት አነሳሁና ሰቀልኩት፤ እሱን የያዘ ሰው
ሌባ ብቻ ሳይሆን ገቢዎችም ይከተለዋል፣ ግብር ሊያስከፍለው።

ከጓዳው በር ኋላ፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ
ለካ ያየኝ ኖሯል፣ አንድ ጆሮው ላልቶ፣ ቀለሙም ነጣ ብሎ፣
የሽንኩርት ዘንቢሌ፤
ሰኞ ገበያ ሄዶ መጥቶ፣ ማንም «የት ነበርክ» የማይለው፣
ከቦርሳ ተራ እንኳ የማይቆጠረው።

ሸዋ በር፣ ጋሽ ሙሄ ዘንድ፣ ከሲንጀሩ ፊት አስቀመጥኩት።
ያረጀ የፍራሽ ስፖንጅ በምላጭ ከረከመለት፣
ከሙሽራ ካባ የተረፈ ቀይ ከፋይ ገበር አደረገለት፣
መሃሉን እንደ ጎጆ ከፈለለት።
ክሩን በጥርሱ በጠሰና፣ «መቶ ሃምሳ ብር» አለኝ፤
«ለሽንኩርት ከፋይ ሳለብስ ይኸው ባንቺ ጀመረኝ።»
ከዚያ ደግሞ፣ ከልቡ፣ «ከዓይን ያውጣሽ» ብሎ መረቀኝ።
ውስጡ የሚገባው ዓይን መሆኑን አልነገርኩት፤
ዓይን ውስጥ የማይገባ፣ ዓይን የሚገባበት።

እሑድ ቢስቲማ ሠርግ ነበር፣ የጠሩኝ ለሴቶቹ ዳስ፣
ወንድ ፎቶ አንሺ ለማይደርስበት፣ ደጁም ለማይመለስ።
አናቱን በአንድ እስር ቆስጣ ሸፍኜ መናኸሪያ ደረስኩ።
አንድ ኮበሌ ተጠጋ፣ ቆስጣውን አየ፣ አለፈ። አመሰገንኩ።
እኔ እንዳነሳባት እንጂ፣ ማንም እንዳያነሳት
ነበር የደከምኩላት።
ረዳቱ ግን፣ ያ የማያየው የለ፣ ዘንቢሌን ከእጄ ነጠቀ፣
«ሽንኩርት ላይ ይውጣ!» ብሎ ወደ ፖርቶ መጋላው ሰቀቀ፣
ከታሰሩት ዶሮዎች ጎን። ልቤ ተሰነጠቀ።
«እንቁላል አለበት!» አልኩ፣ ጮኬ።
ሳቀ። «እንቁላል ከሆነማ ታቀፊው፣ እመቤቴ።»
ታቀፍኩት። ሐይቅ ከተማን አለፍን፣ ጉልበቴ እስኪደነዝዝ፣
አንድ ጊዜ ሳልፈታ፣ አንድ ጊዜ ሳላግዝ።

ዳሱ በር ላይ የሙሽራዋ አክስት ዘምዘም ቢላዋ ይዛ ጠበቀችኝ፤
«ዘገየሽ! ወጡ ሊያር ነው!» ብላ ዘንቢሉን ተቀበለችኝ።
ቆስጣውን ወረወረች፣ እጇን ሰደደች፣ ቀጥ አለች፤
ከፋዩን በጣቷ ዳሰሰች።
«ልጆች፣ ኑ እዩ! ይሄ ሽንኩርት ልጣጩ ሐር ነው!»
ሳቁ ዳሱን ሞላው።

የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ፎቶ እሷ ናት፤
ቢላዋው በአንድ እጇ፣ ባዶ ዘንቢሌ በሌላው፣ አፏ እንደተከፈተ፣
ጉንጯም እንባ እንዳለበት።
የሳቅ ይሁን ወይ ከጧት የከተፈችው ሽንኩርት
እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኳት።