የተመልካች አስተያየት

መብራት ያዡ እኔ ነኝ፤ እውነቱን ላውጣና፣
በፊልሙ ያያችኋት፣ ጨረቃ ከጣና
ቀስ ብላ ስትወጣ፣ ጨረቃ አይደለችም፤
የደሴ ባጃጅ ነች። ሌላ አልነበረችም።
ደሙ የቲማቲም፣ ጭሱ የጎማ ነው፤
ጅቡም የአንሙት ወንድም፣ ጉንፋን ይዞት ሳለ በስልክ የቀዳነው።

አዳራሹ ሞላ። መግቢያው ሃምሳ ብር፤
ለደሴ ዘመዶች በነጻ ነበር።
ጠንቋይዋ ከደንገል ወጥታ ስታጓራ
ከፊት አንድ ሕፃን ሳቀ፤ ሳቁ ሌላ ሳቅ ጠራ።

መብራቱ ሲበራ ደጁ ላይ ቆምሁና
ያሉትን ሰማሁት፣ አንድ ባንድ፣ በጥሞና።
መምህር ስጦታው (ፊዚክስ ነው የሚያስተምረው)፦
«አንዲት ጨረቃ ናት፤ ሁለት ጥላ ታዲያ ከየት ነው ያመጣችው?»
ነርሷ ውባንቺ ቆጥራለች፦ «ሬሳው አሥራ አራት ጊዜ ተነፈሰ፤
አንዴማ አስነጠሰ።»
ዲያቆን ገዳሙን የክታቡ ነገር ከፋው፦
«ገልብጣ ይዛ ነው የምትደግመው! የቱ መሃይም ነው የጻፈው?»
የኋላ ወንበር ላይ የነበሩት ጥንዶች «ግሩም ነው» አሉ፤
ታሪኩን ብጠይቅ ተያዩና ዝም አሉ።
አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን ደፍቶ
«ያስፈራኝ ቢኖር የመግቢያ ዋጋው ነው» አለኝ፣ ሰላምታም ረስቶ።
ደሴ ብቻ ኮራ፦
«ባጃጄ ከሁሉም በልጣ ነው የሠራችው!»

ማንም አልፈራም።
ይህን ልብ በሉልኝ። አንድም ሰው አልፈራም።

ጠንቋይዋ ሙጪት ናት።
የቲያትር ልጆች እምቢ ሲሉ ጊዜ
(አንዷ «ፊቴ» አለች፣ ሌላዋ «እጮኛዬ»)
አንሙት ይዟት መጣ፣ ከአሳ ገበያው ጥግ፣ ከሸክላዋ መሐል፤
ሦስት መቶ ብርና ቀረሶ ጥብስ ምሳ። ተስማማች በዚህ ቃል።
ሳቅ እያመለጣት ዘጠኝ ጊዜ ቀዳን።
«ድግምቱስ ምን ልበል?» ስትል፣ አንሙት አልጻፈም ኖሮ፣
«የመጣልሽን በይ» አላት፤ «ድምፅ አይገባም፣ ማይኩ ተሰብሮ።»
እሷም የመጣላት፣ በዱቤ የወሰዱ፣
ድስቷን ተሸክመው ውለው ሳይመለሱ በዚያው የሄዱ፣
ዓይኗን ገለባብጣ በስም በስማቸው፣
«ያየህ፣ ሁለት ድስት… ብርቄ፣ አንድ ገንቦ… ጫንያለው…» እያለች ጠራቻቸው።

ማይኩ ግን አንዳንዴ ይሠራ ነበር ለካ።

በማግስቱ ጫንያለው ከመንገድ ማዶ ቆመ፤
ብሩን በጠጠር ጠቅልሎ ወረወረና አማተበ፣ ተሳለመ።
ብርቄ በልጇ ላከች፤ ልጅቷም እጇን እንዳትነካ ተብሎ
መሬት ላይ አኖረችው፣ አጣጥፋ፣ ጠቅልሎ
እንደሰጣት ሰው ሁሉ ወደኋላ ሳታይ።
እስከ ቅዳሜ ድረስ የአምስት ዓመት ዕዳ ገባ።
ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ሰው
ከሸክላዋ ፊት ዝቅ ብሎ ዋጋ የጠየቀ የለም።
«ድሮስ» ይላል ሰፈሩ፣ «ሸክላ ሠሪ አይደለች?»
መምህር ስጦታው እንኳ መንገድ ቀይሯል፤
«በዘንባባው በኩል ይቀርባል» አለኝ። ይርቃል።

ዛሬ ሄጄ ነበር።
«ገንዘቤስ ገባልኝ» አለች፤
«እንዴት አደርሽ ባዩ ነው የቀረው።» ደግሞም ሳቀች፣
ያንኑ ሳቅ፣ ዘጠኝ ጊዜ ሥራ ያስፈታንን።
አንድ ድስት ገዛሁ። ሳልከራከር ከፈልሁ።
ቸርነት ይሁን ፍርሃት፣ እስካሁን አላወቅሁ።

ከላይ ሲበራበት ፊት የሰው ፊት ነው፤
ከአገጭ ሥር ሲበራ ግን የእናትህም ቢሆን ያስደነግጥሃል። ሙያዬ ነው፤ አውቃለሁ።
ባትሪውን ከአገጯ ሥር የያዝሁት እኔ ነኝ።
«ዝቅ» አለኝ አንሙት። ዝቅ አደረግሁት።
«ትንሽ ደግሞ ዝቅ።»
«አዎ፣ እዚያው ላይ» አለ። እዚያው ላይ ተውሁት።