የወገብ ወግ

ኤድመንተን ነው ከተማው፣ ወሩ ደግሞ ጥር፤
ሥራዬ በረዶ መጥረግ፣ የሌሊት ሾፌር።
ዐሥር ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተተክዬ
ብረቱ አስፋልት ሲነክስ ይነዝራል ገላዬ።
አንድ ንጋት ላይ ግን፣ ከመኪናው ልወርድ፣
ወገቤ ጩቤ ዋጠ፤
መቆምም የለ፣ መራመድ።

ሐኪሙ አጥንቴን በፎቶ አየና
«ንጹሕ ነው» አለኝ፣ እንደ ምሥራች፣ ፈገግ አለና።
ንጹሑን አጥንቴን ይዤ ወጣሁ እያነከስኩ፤
ካልሲ እንድታጠልቅልኝ ልጄን እየለመንኩ።

ከመሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ፣ ከጥርስ ከመነጽሩ ሥር፣
በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ «አኩፓንክቸር፣
በዓመት ስድስት ጊዜ»። እምነት አልነበረኝም፤
ነጻ ነው ብዬ ሄድኩ። ነጻ ነገር አላልፍም።

ዘጠና ሰባተኛ ጎዳና፣ ከዓሣ መሸጫው በላይ፤
ደረጃው ሃያ ሁለት ነው፣ ለወገብ ታማሚ ስቃይ።
ወይዘሮ ክዎክ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያሰረች፣
«ከመቼ ጀመረ?» አለች።
እስከዛሬ ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤
«የት ላይ ነው?» ይሉኛል እንጂ፤ የት ላይ እንደሆነማ ጣቴም አይስትም።
ከመቼ ግን?
የዚህ መልሱ ከወገቤ ይርቃል።

በሆዴ ተኛሁ። መርፌው ከጸጉር ይቀጥናል፤
ሲገባ አይታወቅም፤ ከገባ በኋላ ይከብዳል፣
ሁለት መንገድ ማዶ እንደቆመ ሞተር ውስጥ ውስጡን ይነዝራል።
አክስቴ ዘነቡ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ክኒን ሲሰጧት ታኮርፍ ነበር፤
«ምኑን ታከምኩት ካልወጉኝ!» እያለች ከሐኪም ስትከራከር።
ስስቅባት ኖሬ ኖሬ፣
ይኸው ዐሥራ አራት መርፌ፣ ጀርባዬ ላይ፣ ዛሬ።

ፊቴን በትራሱ ቀዳዳ ወደ ወለል ደፍቼ
ለነጠላ ጫማዋ ነገርኩ፣ ምላሴን ፈትቼ፦
ዳርሲ የሚባል ነበር፣ ከጎኔ የሚቀመጥ፤
ሰባት ክረምት አብሮኝ ሲያወጋ፣ ሲቀልድ፣ ሲያላግጥ፤
ስለ ዓሣ ማጥመድ፣ ስለ ፍቺው፣ ስለ ሆኪ ሽንፈት።
በኅዳር ልቡ ቆመ።
ወንበሩን ያዘው የእኔ ጃኬት።
ይህን ስል መርፌ አልነካችም፤ ምክርም አልሰጠችም፤
«ህም» ብቻ ነው ያለችው። ግን አልቸኮለችም።

በአራተኛው ቀጠሮ ማግስት ካልሲዬን ራሴ አጠለቅኩ፤
ላገኘሁት ሁሉ ነገርኩ።
ሙክታርን ላክሁት፣ ራስ ምታት ለሁለት የሚሰነጥቀውን፤
ሦስት ቀን ወጥቶ ወረደ ያንን ሃያ ሁለት ደረጃውን፤
«ልብሴ ዓሣ ዓሣ ሸተተ» አለኝ፣ «ራሴማ ያው ነው።»

ልጄ ኤፍራታ ነርስነት ትማራለች፤ ሰማችንና፦
«አባ፣ በጥናት ታይቷል» አለች፣ ስልኳን አወጣችና፤
«የውሸት መርፌ አለ፤ ቆዳ ነክቶ ወደ እጀታው የሚታጠፍ፤
እውነተኛው ለወገብ ቢበልጠው፣ ቢበልጠው በመርፌ ጫፍ።»

እውነቷን ነው። ደግሞም ሕመም በራሱ ጊዜ ይደክማል፤
ጥር ያመጣውን መጋቢት ሲወስድ፣ መርፌ ይመሰገናል።
ይህን አውቃለሁ።
ግን በእኔ ቋንቋ መውጋትና ማውጋት የሚለያዩት በአንድ ፊደል፤
ውጋቴም የገባው ወግ በወጣበት በር ነው መሰል።

ስድስቱ ቀን አለቀ። ደረጃውን ወጣሁ፣ ቀስ ብዬ፣
ዛሬ መርፌው ይቅር፣ ትንሽ ልቀመጥ ብዬ።
ግድግዳዋ ላይ ዋጋው ተለጥፏል፦ ለመርፌ ሰባ አምስት ዶላር፤
ለማዳመጥ የሚል የለም፣ ባነበው ከዳር እስከ ዳር።
ወይዘሮ ክዎክ አንሶላ ቀየረች፤
«እሺ፣ ዳርሲስ?» አለችኝ።
ሰባ አምስቱን ከፈልኩ።
በሆዴ ተኛሁ።
ወጋችኝ።