አሥራ አምስት ሜትር

ናርቪክ ወደብ ዳር፣ ከመኪኖች መቃብር፣
ታኅሣሥን በሙሉ ፀሐይ በማይወጣበት አገር፣
አንዲት ሰማያዊ መኪና እጠብቃለሁ።
አትሸሽም፣ አትሰረቅም፤ የምጠብቀውን ግን አውቃለሁ።

ጎማዋ ደኅና ነው፣ በሯም አልተነካ፤
ሆዷ ሥር ነው ጉዱ፣ አንዲት ጭረት ለካ!
በረዶ የሸፈነው ድንጋይ ገጭቷት ኖሮ
የባትሪዋን ሣጥን በጣት ልክ ሰርስሮ።
መካኒኩ ገብቶ ከሥሯ ተንጋሎ
ወጣ እጁን ሲያራግፍ፣ "እኔን አይንካኝ" ብሎ።
ኢንሹራንሱ ደግሞ አጭር ደብዳቤ ጻፈ፦
"የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከመኪናው አለፈ፤
አይጠገን፤ ይጣል።" ማኅተሙ አረፈ።

ስለ አንዲት ጭረት!
በእኔ የወጣትነት፣ በዚያ በናፍጣው ጊዜ፣
ጭረት ቀለም ነበር፣ ቢበዛ የሚስት ቁጣ፣ የአንድ ቀን ትካዜ።

ሥራዬ ይኸው ነው፦ በየሰዓቱ መውጣት፣
በመለኪያው ዓይን ሆዷን ማየት፣ ማድመጥ፣ ማሽተት፣
ቁጥሩን መዝገብ ላይ ማስፈር፣
ሰው እንዳይጠጋት መከልከል እስከ አሥራ አምስት ሜትር።
አራት ዲግሪ። አራት። አምስት። እንደገና አራት።
ውጪው ግን ከዜሮ በታች ወርዷል አሥራ ሁለት።
ሬሳ እንዲህ አይሞቅም።
ይህ የተዳፈነ ፍም ነው፣ አመድ ያልለበሰ፣
ዛሬ የጠፋ መስሎ ነገ የተመለሰ፣
በሦስተኛው ሌሊት መጋዘን የጨረሰ።

እኩለ ሌሊት ላይ ጉንቮር መጣች በእግሯ፤
በረዶው ጉልበቷ ድረስ፣ ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ።
ትንሿን ባትሪ ይዛ ትልቁን ልትጠይቅ፤
የእጇንም ብርድ በልቶት ብልጭ ይላል፣ ጥልቅ።

"ጓንት አለ መሳቢያው ውስጥ፣ ባሌ የተወው፤
ቡናማ፣ የቆዳ። ሌላ አልፈልግም፣ እሱን ብቻ ነው።"
"አይቻልም" አልኳት። "አሥራ አምስት ሜትር።"
"በእርምጃ ስንት ነው?"
"ሃያ።"
"ሃያ! ይኸው ነገር?
ሰባት ዓመት ሙሉ ጉያዋ ውስጥ ስኖር
ማን ለካብኝ ሜትር?"

ይህን እየተባባልን አንዲት እርምጃ ስታልፍ
መኪናዋ ነቃች እንደ ሰው ከእንቅልፍ።
ቁልፉ ነበር ለካ፣ ከካፖርቷ ኪስ፤
መስተዋቶቿን ዘረጋች፣ ጆሮውን እንዳቆመ ፈረስ።
መብራቷ በረዶውን አነጣው። ከመሪው ጎን ባለው መስኮት፦
"አርንፊን፣ እንኳን ደኅና መጣህ። ቻርጅ፦ ሰማንያ ሁለት።"

ጉንቮር ዝም አለች።
"ስሙን እንዴት እንደሚያጠፉት አላውቅም" አለች በኋላ።
ደግሞ ቆይታ፦ "አውቃለሁ እንጂ።"

መለኪያውን አነሣሁ። ዘጠኝ። አሥራ ስድስት።
አንዳች ጣፋጭ ሸተተኝ፣ የበሰበሰ ፍሬ ዓይነት።
ከሥሯ ፉጨት ወጣ፣ ቀጭን፣ የሚያሳቅቅ፤
ቀጥሎ ነጭ ጭስ፣ መሬት ለመሬት የሚፈልቅ።
ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ሠላሳ አራት። ሃምሳ።
ፎርክሊፍቱን አስነሣሁ፤ እሱም ለጊዜው እንቢ አለ፣ ብርድ ይዞት፤ ኋላ ተነሣ።
ውሃ የሞላው ኮንቴነር ገጹ በርዶ ጠብቆ ነበር፤
ማታ በመጥረቢያ ሰብሬዋለሁ፣ ለዚህ ነገር።

ከነመብራቷ ገባች።
ውሃው ተንፈቀፈቀ እንደ ተጣደ ድስት፣
መብራቷ ግን አልጠፋም፤ ከሥር ያያል፣ ሁለት ዓይን፣ ቢጫ፣ ጥልቀት ውስጥ።

"ሞተች?" አለች ጉንቮር።
"ገና ቻርጅ አላት" አልኩ። ሌላ መልስ አልነበረኝም።
"ስንት ቀን ትዘፈዘፋለች?"
"ሁለት ሳምንት ይላል ደንቡ።"
ሁለት ሳምንት አንድ ጥንድ ጓንት ጨው ውሃ ሲጠጣ
በዓይነ ልቦናዋ አየችው መሰለኝ፤ እኔም አየሁት።

መዝገቤን ከፈትኩ። "ሰዓት፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ" ብዬ ጻፍኩ።
"ምክንያት" የሚለው መስመር ላይ ብዙ ቆየሁ፤
"ጭረት" ብዬ ተውኩት።

ቁልፉን ስጪኝ አልኳት፤ ያልሰማች መሰለች።
የእጇን ትንሽ ባትሪ፣ ብርድ የገደላትን፣
ብብቷ ሥር ከታ፣ ቆማ፣ አሞቀቻት።
በራች።
በዚያች ብርሃን መንገዷን እያየች ወረደች ወደ ከተማ፣
አንድ እጇን ኪሷ ውስጥ፣ ቁልፉን ጨብጣ።